ነጠላዋን ለማስተካከል የቆመችባቸው ሦስት ቦታዎች

ቤታችን ከአዌቱ ወንዝ ማዶ፣ ወደ ጅሬን በሚያወጣው አቅጣጫ፣ ዳገቱ ላይ ነው። ከድልድዩ እስከ በራችን ድረስ ጤነኛ ሰው በሩብ ሰዓት ይደርሳል። ታናሽ እህቴ ይህን ዳገት ከልጅነቷ ጀምሮ እየሮጠች ስለምትወጣው፣ ከኋላዋ እያለከለኩ «ኧረ ቀስ በይ» የምላት ሁልጊዜ እኔ ነበርኩ። ከሁለት ዓመት በፊት በሰኔ ወር፣ ጅማ በዝናብ በምትርስበት ሰሞን አብረን ስንወጣ ግን ወፍጮ ቤቱ ጋ ስትደርስ ቆመች፤ ነጠላዋን ከትከሻዋ አንስታ አራግፋ መልሳ ደረበችው። ዋንዛው ሥር ስንደርስ ደግማ ቆመች፤ ነጠላው ግን ከቦታው ንቅንቅ አላለም ነበር። ሦስተኛው ማረፊያዋ የጎረቤታችን የቆርቆሮ አጥር ሆነ፤ እዚያም ነጠላዋን አንስታ ዘረጋችው፣ አጠፈችው፣ ደረበችው። ሦስቱንም ጊዜ አጠገቧ ቆሜ አይቻለሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ ምንም አላልኩም።

ይህን የምጽፈው ያን ዕለት ዝም ስላልኩ ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ እዚሁ ጅማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። የሳንባን የአየር ከረጢቶች፣ በዙሪያቸው የሚያልፉትን ቀጫጭን የደም ሥሮች፣ በመካከላቸው ያለውን ስስ ግድግዳ በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ የምሥል ሰው ሆኜ ሳለ፣ ያ ግድግዳ በካንሰር መድኃኒት የተነሳ በገዛ እህቴ ደረት ውስጥ ሲወፍር አላስተዋልኩትም። ላስተውለው አልፈለግኩም ብል ይበልጥ እውነት ይሆናል።

እህቴ ያን ጊዜ 21 ዓመቷ ነበር። ሆዷ ውስጥ የተገኘው እጢ የተነሳው ከኦቫሪ፣ ማለትም እንቁላል ከሚያመነጨው አካል ነው፤ ይበልጥ ጠበብ አድርጎ ለመናገር፣ ኋላ እንቁላል ከሚሆኑት ከዘር ሕዋሳት ከራሳቸው። ብዙ ሰው የኦቫሪ ካንሰር ሲባል የወር አበባቸው የተቋረጠ እናቶችን ያስባል፤ ይህኛው ዓይነት ግን በአብዛኛው የሚይዘው ልጃገረዶችንና ወጣት ሴቶችን ነው። ጥምር ኬሞቴራፒ ከመምጣቱ በፊት እንዲህ ያለ እጢ ተሰራጭቶ የተገኘባት ልጅ የመዳን ተስፋዋ እጅግ ጠባብ ነበር። ዛሬ አብዛኞቹ ይድናሉ፤ ብዙ ጊዜም ማህፀንና ሁለተኛው ኦቫሪ ሳይነኩ ስለሚቀሩ የመውለድ ተስፋቸው አይዘጋም። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ ያነሳሁት፣ ከዚህ በታች የምጽፈውን አንብባ ሕክምናዋን የምታቋርጥ አንዲት ልጅ እንኳ እንዳትኖር ስለምፈራ ነው።

የታዘዘላት ጥምረት ሦስት መድኃኒቶች አሉት፤ ብሊዮማይሲን፣ ኢቶፖሳይድና ሲስፕላቲን። ሁለቱ ለ5 ተከታታይ ቀናት በደም ሥር ይንጠባጠባሉ፤ ብሊዮማይሲን በሳምንት አንድ ጊዜ 30 ዩኒት ይሰጣል፤ ዙሩም በየ21 ቀኑ ይደገማል። ሦስት ዙር ማለት ዘጠኝ ጊዜ ብሊዮማይሲን ማለት ስለሆነ ድምሩ 270 ዩኒት ይደርሳል። እነዚህን ቁጥሮች ለተማሪዎቼ ውጤት በምይዝበት ዓይነት ደብተር ላይ መስመር አስምሬ እመዘግባቸው ነበር። መጀመሪያ የደነገጥኩትም በዚሁ መዝገቤ የተነሳ ነው፤ ከፋርማሲ ገዝቼ ባመጣሁት ካርቶን ላይ 15,000 የሚል ቁጥር አይቼ መድኃኒቱ በስህተት ሺህ እጥፍ በዝቶ የተሰጠን መሰለኝ። ነገሩ ግን የመለኪያ ልዩነት ነበር፤ በአንዱ አቆጣጠር 15,000 ዓለም አቀፍ ዩኒት የሚባለው በሌላው 15 ዩኒት ነው፤ ስለዚህ የአንድ ቀን መጠን ሁለት ጠርሙስ ይሆናል። ድምሩን የሚመዘግብ አስታማሚ ይህን ልዩነት ከመጀመሪያው ቀን ማወቅ አለበት፤ ሁለቱን መለኪያ ቀላቅሎ የደመረ መዝገብ ባይኖር ይሻላል።

ድምሩ ለምን ይህን ያህል ያስጨንቃል? ብሊዮማይሲን ጃፓናዊው ሐማኦ ኡሜዛዋ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ከአንድ የአፈር ባክቴሪያ ያገኘው መድኃኒት ነው። ከብረትና ከኦክስጅን ጋር ተጣምሮ የሕዋሱን ዲኤንኤ ይበጣጥሳል። አብዛኞቹ የሰውነታችን ክፍሎች ይህን መድኃኒት ሰብሮ የሚያመክን ኢንዛይም አላቸው፤ ሳንባና ቆዳ ግን ከዚህ ኢንዛይም የደረሳቸው እጅግ ጥቂት ነው። በመሆኑም ሌላው አካል የሚያስወግደው መድኃኒት እነዚህ ሁለቱ ጋ ይሰነብታል። ሳንባ ደግሞ በአንድ ጊዜ ኦክስጅን የሞላበትም ኢንዛይም የጎደለበትም ስለሆነ ጉዳቱ ይጸናበታል፤ የአየር ከረጢቶቹ ግድግዳ መጀመሪያ ይቆጣል፣ ካልተደረሰበት ደግሞ ጠባሳ እየያዘ ይደነድናል። ብዙውን ጊዜ የሚጠቀሰው ቁጥር ከ100 ታካሚዎች 10 ገደማ የሳንባ ጉዳት ያገኛቸዋል የሚል ሲሆን፣ ለሞት የሚያደርሰው ከእነዚህም በጥቂቶቹ ላይ ነው። ድምሩ ከ400 ዩኒት ሲያልፍ አደጋው በግልጽ ይጨምራል፤ ከዚያ በታች ግን ማንም ነፃ ነው ማለት አይደለም። የእህቴ ድምር የዚህን ግማሽ ያለፈው በጥቂቱ ነው።

ቆዳ ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ከሁለተኛው ዙር በኋላ እናታችን ጓሮ ውስጥ በሳፋ እህቴን ስታጥባት ጮኻ ጠራችኝ። ሄጄ ሳይ በልጅቷ ጀርባ ላይ፣ ከትከሻዋ ወደ ወገቧ የሚወርዱ፣ እርስ በርሳቸው የሚቆራረጡ ጠቆር ያሉ መስመሮች ነበሩ፤ ልክ አለንጋ ያረፈበት ሰው ሰንበር ይመስላሉ። እናቴ «ማን ነው ልጄን የገረፋት?» እያለች የምትይዘውን አጥታ ነበር። ይህም የብሊዮማይሲን ሥራ ነው፤ በሌሎች የካንሰር መድኃኒቶች ብዙም የማይታይ ምልክት ስለሆነ ሐኪሞች እንዳዩት ያውቁታል። ሰንበሩ የወጣባት ሁሉ ሳንባዋ ይጎዳል ማለት አይደለም፤ ሰንበር ሳይታይባት ሳንባዋ የሚጎዳም አለች። ለእኔ ግን ያ ጀርባ መድኃኒቱ የት የት እንደሚያድር አፍ አውጥቶ የነገረኝ ገላ ነበር፤ ሰምቼውም አላደመጥኩትም።

ጥምር ሕክምና የሚባለውን ነገር በትክክል የተረዳሁት ኋላ ነው። ሦስት መድኃኒት አንድ ላይ ሲሰጥ የሦስቱ ጉዳት ተደምሮ የሚቀመጥ ይመስለኝ ነበር፤ ነገሩ ግን ከመደመር ያለፈ ነው፤ አንዱ የሌላውን መውጫ በር ይዘጋል። ከብሊዮማይሲን ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከሰውነት የሚወጣው በሽንት፣ ማለትም በኩላሊት በኩል ነው። ሲስፕላቲን ደግሞ ኩላሊትን በመጉዳት የታወቀ መድኃኒት ነው፤ ከእሱ በፊትና በኋላ ያን ሁሉ ፈሳሽ በደም ሥር የሚሰጡትም ለዚሁ ነው። እህቴ በሁለተኛው ዙር ማግስት አራት ቀን አስመለሳት፤ ውኃ ሲሸታት እንኳ ፊቷን ታዞር ነበር፤ እኛም «ተዋት፣ አታስጨንቋት» ብለን ተውናት። ከሦስተኛው ዙር በፊት በተሠራው የደም ምርመራ ክሪያቲኒን የሚባለው፣ ኩላሊት ሲዳከም የሚጨምረው መለኪያ ከ0.7 ወደ 1.3 ከፍ ብሎ ነበር። ቁጥሩን ደብተሬ ላይ ጻፍኩት፤ ከጎኑ ካለው የብሊዮማይሲን ዓምድ ጋር ግን አላገናኘሁትም። ተማሪ እንዲህ ቢያደርግ ነጥብ እቀንሳለሁ።

ሳሉ የጀመራት በዚያው ሰሞን ነው። አክታ የሌለው፣ ደረቅ፣ አጭር ሳል፤ ጥልቅ ትንፋሽ ልትወስድ ስትሞክር የሚቀድማት ሳል። በጅማ ክረምት የማይስል ማን አለ? እናታችን «ብርድ መትቷት ነው» ብላ በጦስኝ ሻይ፣ በዝንጅብል፣ በነጭ ሽንኩርትና ማር ተያያዘችው፤ አንዳንድ ቀን ዳማከሴም ጨምቃ ታጠጣት ነበር። አክስታችን ጥፋቱን ለከሰሉ ጭስ ሰጠችው፤ ጭስ ያለበት ማድ ቤት ውስጥ ላደገ ሰው ይህም አሳማኝ ነው። እኔ ደግሞ የተማርኩት ሰው ፋርማሲ ሄጄ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አሞክሳሲሊንና የሳል ሽሮፕ ገዛሁላት። አምስት ቀን ወሰደችው። ከዚያም ሰባተኛውን ብሊዮማይሲን ለመቀበል በቀጠሮዋ ሄደን፣ ሐኪሙ «ሌላ የሚያስቸግርሽ ነገር አለ?» ብለው ሲጠይቋት «ምንም የለም» አለች። ወደ እኔ አየች። እኔም «ደህና ናት» አልኩ። መድኃኒቱ ተሰጠ፤ ድምሩ 210 ሆነ።

ለምን እንደደበቀች ኋላ ጠይቄያታለሁ። «እታለም፣ ሳልኩ ካልኩ ያቆሙብኛል ብዬ ነው» አለችኝ። ዋርዱ ውስጥ ያገኘኋቸው ብዙ ሴቶች እንዲህ ያስባሉ። ለመድኃኒቱ የሸጡት ላም አለ፣ ከአጋሮ ከሊሙ ድረስ በየሦስት ሳምንቱ የሚከፍሉት የመኪና ዋጋ አለ፣ ቤት የቀረ ሕፃን አለ፤ «ዙሩን ልጨርስና ልገላገል» የሚለው ሐሳብ ከሁሉም በላይ ይገፋቸዋል። ስለዚህ ሐኪም ፊት ሲቀርቡ ትከሻቸውን ቀና አድርገው፣ ሳላቸውን ውጠው ይቀመጣሉ። ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ደግሞ ሳንባው ቢጎዳም አያስታውቅበትም። የሚያስታውቅበት ዳገት ላይ፣ ባልዲ ሲያነሳ፣ ደረጃ ሲወጣ ነው፤ እዚያ ደግሞ አብሮት ያለው ሐኪሙ ሳይሆን አስታማሚው ነው።

በሳምንቱ ለስምንተኛው መጠን ስንሄድ ተራዋን ያስገቡት በዕድሜ ጠና ያሉ ሲስተር ነበሩ። እህቴን አንዲት ቃል ሳይጠይቋት ወደ እኔ ዞሩና «ቤታችሁ ዳገት ነው ሜዳ?» አሉኝ። «ዳገት ነው» አልኳቸው። «ስንት ቦታ ትቆማለች?» አሉኝ። ጥያቄው ማምለጫ አልነበረውም፤ «ትደክማለች ወይ?» ቢሉኝ ኖሮ «አይ፣ ደህና ናት» ብዬ አልፈው ነበር፤ ስንት ቦታ ሲሉኝ ግን ወፍጮ ቤቱ፣ ዋንዛውና የቆርቆሮው አጥር ፊቴ ላይ ተደቀኑብኝ። «ሦስት ቦታ» አልኩ። እህቴ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። ሲስተር ጣቷ ላይ የኦክስጅን መለኪያውን ቆነጠጡላት፤ 95 አለ። ጅማ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ስለሆነች ይህ ቁጥር ብቻውን የሚያስደነግጥ አይደለም። ከዚያም ኮሪደሩን አራት ጊዜ ፈጠን ብላ እንድትመላለስ አደረጓትና መልሰው ለኩ፤ 87። ለመርፌው የተዘጋጀውን ትሪ አንስተው መለሱት።

ሐኪሙ ጀርባዋ ላይ ካዳመጡ በኋላ፣ በሳንባዋ ግርጌ በሁለቱም በኩል፣ ትንፋሽ ስትስብ የሚንጫጫ ደረቅ ድምፅ እንዳለ ነገሩን፤ ተጣባቂ የስፖርት ጫማ ማሰሪያ ሲላቀቅ የሚያሰማውን ዓይነት። ራጁ ብዙም አላሳየም ነበር፤ በዚህ ሕመም መጀመሪያ ላይ ራጅ ንጹሕ መስሎ መታየቱ የተለመደ ነው። ሲቲ ስካኑ ግን የሳንባዋን ታችኛ ክፍል ጭጋግ እንደለበሰ መስተዋት አድርጎ አሳየው። ያም ሆኖ ወዲያውኑ «ብሊዮማይሲን ነው» አላሉም፤ ይህን ጥንቃቄያቸውን ዛሬም አደንቃለሁ። ኬሞ ላይ ያለች ሴት ትንፋሽ ሲያጥራት ምክንያቱ ብዙ ሊሆን ይችላል፤ ነጭ የደም ሴሏ ወርዶ የሳንባ ምች ሊሆን ይችላል፤ በአገራችን ደግሞ መቼም የማይዘነጋው ቲቢ አለ፤ እጢው ራሱ ወደ ሳንባ ወይም ወደ ሳንባ ሽፋን ተሻግሮ ይሆናል፤ የደም ማነስም ያደክማል። ከሁሉ የሚያስፈራው የረጋ ደም ነው። የዳሌ አካባቢ ካንሰር፣ ቀዶ ሕክምና፣ ሲስፕላቲን፣ በዚያ ላይ ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ያህል አውቶቡስ ውስጥ ተጣጥፎ መቀመጥ ሲደራረቡ፣ የእግር ደም ሥር ውስጥ የረጋው ደም ተነስቶ ሳንባ ላይ ሊያርፍ ይችላል። እንዲህ ያለው ትንፋሽ ማጠር ቀስ ብሎ ሳይሆን በድንገት ይመጣል፤ አንደኛው ባት ብቻ አብጦ መታመሙም ይጠቁማል፤ ለነገ ቀጠሮም አይተውም። የእህቴ አክታ በጂን ኤክስፐርት ተመርምሮ ቲቢ አለመኖሩ ታወቀ፤ አክታው እንዲገኝም የጨው ውኃ ጭስ አስነፍሰዋት ነበር፤ ደረቅ ሳል ነዋ። ትኩሳት የለም፣ ነጭ የደም ሴሏ ደህና ነው፣ የደም መርጋት የለም፤ ሌላው ሁሉ አንድ በአንድ ከተሰረዘ በኋላ የቀረው ብሊዮማይሲን ሆነ።

በዚያው ዋርድ ያሉ ሴቶች ሁሉ አንድ ዓይነት መድኃኒት የሚወስዱ የሚመስለው ሰው አለ፤ ሁሉንም «ኬሞ» ስለምንለው ይሆናል። የእህቴ አልጋ አጠገብ የነበሩ፣ እማማ የምንላቸው የሊሙ ሴት የያዛቸው የተለመደው የኦቫሪ ካንሰር ስለነበር የሚሰጣቸው ካርቦፕላቲንና ፓክሊታክሴል ነበር። የመጀመሪያው ዙር ሲጀመር አጠገባቸው ነበርኩ። ጠብታው መውረድ ከጀመረ ገና አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ፊታቸው ቲማቲም መሰለ፤ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «አፈነኝ፣ አፈነኝ» አሉ። ሲስተር ሮጠው መጥተው መጀመሪያ ያደረጉት የጠብታውን መቆጣጠሪያ መዝጋት ነው፤ ከዚያ በኋላ ነው ሐኪም የጠሩት። ይህ የሳንባ ጠባሳ አይደለም፤ የአለርጂ ዓይነት ድንገተኛ ምላሽ ነው። ፓክሊታክሴል በውኃ ስለማይሟሟ ከጉሎ ዘይት በተሠራ ማሟሟቻ ይዘጋጃል፤ ለምላሹ በአብዛኛው ተጠያቂው ማሟሟቻው ነው፤ የሚመጣውም ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ዙር፣ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ውስጥ ነው። ቀድሞ የሚሰጡት ዴክሳሜታዞንና የአለርጂ መድኃኒቶች ለዚህ ናቸው፤ «ክኒኑን ረሳሁት፣ ምንም አይደል» የሚባልበት ነገር አይደለም። እማማ ከአንድ ሰዓት በኋላ ጠብታው በጣም ቀስ ብሎ ተከፈተላቸውና ጨረሱት። ካርቦፕላቲን ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው፤ እሱ አለርጂ የሚያስነሳው ብዙ ዙር ከተለማመዱት በኋላ፣ ብዙውን ጊዜም ካንሰሩ ተመልሶ መድኃኒቱ በድጋሚ ሲጀመር ነው። ስለዚህ «እስከ ዛሬ ምንም አላደረገኝም» የሚለው መተማመኛ ለእሱ አይሠራም።

ሌላዋ ወጣት ደግሞ ፅንስ ሳይኖር እንግዴ ልጁ እንደ ወይን ዘለላ የሚያብጥበት እርግዝና ገጥሟት፣ እሱም ወደ ካንሰር ተለውጦ ሳንባዋ ላይ የተበተነባት ነበረች። ይህ ካንሰር ሳንባን ይወዳል፤ ለኬሞቴራፒም እጅግ ይታዘዛል። ግራ የሚያጋባው ነገር፣ ሳንባ ውስጥ ብዙ እጢ ያላት ሴት ሕክምናው ገና ሲጀመር እጢው እየሞተ ሲደማ ትንፋሿ ሊብስ መቻሉ ነው፤ ሐኪሞች እንዲህ ላለችው አንዳንዴ በአነስተኛ መጠን የሚጀምሩትም ለዚሁ ነው። ከምትወስዳቸው አምስት መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ሜቶትሬክሴት ደግሞ ከድምሩ ጋር የግድ ያልተያያዘ፣ ትኩሳትና ደረቅ ሳል ያለው የሳንባ ቁጣ ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ በእሷ ዘንድ የትንፋሽ ማጠሩ ከበሽታው ነው ወይስ ከመድኃኒቱ የሚለው ጥያቄ በየዙሩ ይነሳ ነበር። ጄምሲታቢን የሚባል መድኃኒትም አለ፤ ለተመለሰ የኦቫሪ ካንሰር እንደ ካርቦፕላቲን ካለ የፕላቲን መድኃኒት ጋር፣ ለማህፀን ጡንቻ ካንሰር ከዶሴታክሴል ጋር ይሰጣል፤ ሳንባን ሊያስቆጣና ፈሳሽ ከደም ሥር ወደ ሳንባ እንዲሰርግ ሊያደርግ ይችላል፤ ዶሴታክሴል በበኩሉ ሰውነት ውስጥ ውኃ ያጠራቅማል። እነዚህን ሁለቱን የምትወስድ ታካሚ በዋርዳችን ስላላገኘሁ ከዚህ በላይ አልልም።

ወደ እህቴ ልመለስ። ብሊዮማይሲኑ በዚያው ቀን ለዘለዓለም ቆመ። ሕክምናው ግን አልቆመም፤ የፈራችው ነገር ያልደረሰባት እዚህ ላይ ነው። ሐኪሙ ብሊዮማይሲን ሲቀር ሌሎቹን ሁለቱን አንድ ዙር ጨምሮ መስጠት የታወቀ አካሄድ መሆኑን አስረዱን፤ ኩላሊቷ በፈሳሽ ከተመለሰ በኋላም አራተኛውን ዙር በኢቶፖሳይድና በሲስፕላቲን ብቻ ጨረሰች። ሳሏን ብትናገር ኖሮ ያቆሙባት የነበረው ከሦስቱ አንዱን መድኃኒት ብቻ ነበር። ይህን ቀድሞ የነገራት ሰው ቢኖር አትደብቅም ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ከመጀመሪያው ዙር በፊት በተሰጠን ገለጻ ስለ ፀጉር መነቃቀልና ስለ ማስመለስ ብዙ ሲነገረን ስለ ሳንባ አንድ ዐረፍተ ነገር እንኳ አልሰማንም። ምናልባት ተነግሮን በድንጋጤ አልሰማነውም ይሆናል፤ ያን ቀን የሰማሁት ነገር ግማሹ የት እንደገባ አላውቅምና።

ለሳንባዋ የተሰጣት ቁጣን የሚያበርድ ፕሬድኒሶሎን የሚባል ክኒን ነበር፤ በክብደቷ ልክ በየቀኑ ጠዋት ከቁርስ በኋላ። በሁለተኛው ሳምንት ሳሉ ቀለለ፤ ፊቷ ግን እንደ ድፎ ዳቦ ነፋ፤ ሌሊት እየተነሳች ትበላለች፤ ያለ ምክንያት ታለቅሳለች። እናታችን «ሳሉ ጠፍቶ የለ? ይሄን መርዝ ተዪው» ማለት ጀመረች። ሥጋት ያደረብኝ እዚህ ላይ ነው፤ ፕሬድኒሶሎንን በድንገት ማቋረጥ ሁለት ጊዜ ይጎዳል፤ የሳንባው ቁጣ ተመልሶ ሊነሳ ይችላል፤ ሰውነትም የራሱን ተመሳሳይ ንጥረ ነገር መሥራት ስላቆመ ባዶውን ይቀራል። ስለዚህ ደብተሬ ላይ አዲስ ዓምድ አስምሬ መጠኑን በየሁለት ሳምንቱ እየቀነስን ከአራት ወር በላይ ወሰደ። የሰውነቷ መከላከያ በሁለት በኩል ስለተዳከመ ኢንፌክሽን የሚከላከል ኮትሪሞክሳዞልም ታዞላት ነበር፤ ስኳሯም በየጊዜው ይለካ ነበር። የሳንባን ጋዝ የማስተላለፍ አቅም የሚለካውን መሣሪያ እኛ አላገኘነውም፤ የእኛ መሣሪያ ዳገቱ ነበር። በነሐሴ መጨረሻ ሁለት ቦታ፣ በጥቅምት አንድ ቦታ ትቆም ነበር። በታኅሣሥ ዋንዛው ሥር ስንደርስ ቆመች፤ ልቤ ዝቅ አለ፤ እሷ ግን ጎንበስ ብላ ሳንዳሏ ውስጥ የገባ ጠጠር አውጥታ ወረወረችና ቀደመችኝ።

ሐኪሙ ሲያሰናብቱን በማኅተም የተዘጋ አንድ ወረቀት ሰጥተውን ነበር። ብሊዮማይሲን መውሰዷን፣ ድምሩን፣ የሳንባ ጉዳት እንደደረሰባት ይገልጻል። ምክንያቱ ኦክስጅን ነው። መድኃኒቱ ሳንባን የሚጎዳው በኦክስጅን አማካይነት ስለሆነ፣ ብሊዮማይሲን የወሰደ ሰው ለቀዶ ሕክምና ሲተኛ ከሚያስፈልገው በላይ ከፍተኛ ኦክስጅን ቢሰጠው ያደረው ጉዳት ሊቀሰቀስ ይችላል የሚል ሥጋት አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1978 የታተመ አንድ ዘገባ ብሊዮማይሲን የወሰዱ አምስት ሰዎች ከቀዶ ሕክምና በኋላ በሳንባ መድከም መሞታቸውን ካሳየ ወዲህ የማደንዘዣ ባለሙያዎች ይህን ይጠነቀቃሉ። ከዚያ በኋላ የመጡ ጥናቶች በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ መብዛትም ድርሻ ሊኖረው እንደሚችል አንስተዋል፤ ጥንቃቄው ግን አልተነሳም። ኦክስጅን የሚያስፈልገው ሰው ይከለከላል ማለት አይደለም፤ በልኩ ይሰጠዋል ማለት ነው። የውጭ አገር መግለጫዎች ላይ «በታመቀ አየር ጋን ባሕር ውስጥ ከመጥለቅ ተቆጠቢ» የሚል ምክርም አንብቤያለሁ፤ ጊቤን ዋኝታ ለማታውቅ የጅማ ልጅ ይህን ስናነብላት ሆዷን ይዛ ሳቀች።

ወረቀቱ ያስፈለገን በአሥራ አራተኛው ወር ነው። እህቴን ሌሊት ሆዷን ቆረጣት፤ ሲነጋ ትርፍ አንጀት ነው ተብሎ ወዲያው ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ተወሰደች። እኔ ወረቀቱን ቤት ረስቼው በባጃጅ ተመልሼ፣ ሳጥኑን ገልብጬ፣ ወረቀቱንም ደብተሩንም ይዤ እያለከለኩ ደረስኩ። ኮሪደሩ ላይ አንድ ወጣት የማደንዘዣ ባለሙያ በተሽከርካሪ አልጋው ራስጌ ቆመው የተለመደውን ሲጠይቋት ነበር፤ አለርጂ፣ የቀድሞ ሕመም፣ የቀድሞ ቀዶ ሕክምና። «ኬሞ ወስጃለሁ» አለች። ቀና ብለው አይዋት። «ምን ምን?» አሉ። «ከነዚያ አንዱ ብሊዮማይሲን ነው» አለች። እስክሪብቷቸው ቆመ፤ «ድምሩን የሚያውቅ ሰው አለ?» ብለው ወደ እኔ ዞሩ። ደብተሩን ገልጬ ዓምዱን በጣቴ መፈለግ ስጀምር፣ እሷ ከአልጋው ላይ ሳትነሳ፣ ዐይኗን እንደጨፈነች፣ «210» አለች።